እሪ በከንቱ የተተከለው ድንኳን

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ስልኬ ጮኸችና ባያት መርዶ ናት። የድሮ ሠፈራችን ልጆች ቴሌግራም ላይ ግሩፕ አላቸው። አንደኛው የእናቱን ማረፍ ጽፎ፣ ከሥሩ የለቅሶውን ቤት ካርታ ላከልን። ነካ ሲያደርጉት መንገዱን ያሳያል። ወይ ጊዜ! ጫማዬን ላጠልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። እትዬ ዘነበች ትዝ አሉኝ።

እትዬ ዘነበች ፒያሳ፣ እሪ በከንቱ በአንድ ግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤታችን ነበሩ። ባላቸው ሞተውባቸው፣ ለሰው በርበሬ እያዘጋጁ ልጃቸውን ግርማን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ለቅሶ ላይ እሳቸውን የሚቀድም አልነበረም። የእድሩ ጡሩምባ ሲነፋ፣ ሌላው ገና "ማን ሞተ?" እያለ በየበሩ ሲጠያየቅ፣ እሳቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መንገድ ጀምረዋል። እናቴ "ይቺ ሴትዮ ጡሩምባው ሳይነፋ ነው እንዴ የምትሰማው?" ትል ነበር።

ጎረምሳ ሳለሁ መሬቱ ለትልቅ ሕንፃ ይፈለጋል ተባለ። የፕላኑ መስመር በጋራ ግድግዳችን ላይ አለፈ፤ እኛ ቀረን፣ እነሱ ተነሱ። ምትክ ቦታ የተሰጣቸው ከከተማው ጫፍ ነው። ወረቀቱ ላይ መንገዱም ውሃውም ተሰምሯል፤ መሬቱ ላይ ያለው ግን የታረሰ ማሳ ነው። ዕቃቸው ሲጫን እትዬ ዘነበች የእድራችንን ዳኛ የጋሽ ሙላትን እጅ ያዙ።

"ቤቱን ይውሰዱት፤ ግዴለም። ሬሳዬን ግን ከእናንተ ሌላ ሰው እንዳያነሳው። ከባለቤቴ ጎን አሳርፉኝ።"

"ኧረ ምን ሟርት ነው! አንቺን ጥለን የት እንገባለን?" አሉ ጋሽ ሙላት።

በዓመቱ፣ ሐምሌ ላይ አረፉ። ያኔ ስልክ የት ተገኝቶ! ግርማ በጠዋት በአውቶቡስ መጥቶ ለጡሩምባ ነፊው ነገረና፣ ሬሳው ብቻውን ነው ብሎ እየሮጠ ተመለሰ። ጡሩምባው ተነፋ፣ ሰው ወጣ። እኛ ወጣቶቹ የእድሩን ድንኳን ተሸክመን እንደ ልማዳችን እትዬ ዘነበች ደጅ ተከልነው። ደጅ ልበል እንጂ ባዶ መሬት ነው፤ ቤቱ ፈርሶ ሕንፃውም ገና አልተጀመረም። ሬሳው ወደ ደብራችን ሲመጣ በዚህ ያልፋል ብለን ነበር። ግርማ ደግሞ እድሩ ድንኳንና ቃሬዛ ይዞ ይመጣል ብሎ እዚያ ይጠብቃል። ማንም ማንንም አልጠየቀም። ዕድሜ ልካችንን ለቅሶ ቤት የት ነው ብለን ጠይቀን አናውቅማ!

ንፍሮው በስሎ ቀረበ። ዝናቡ ድንኳኑን ይደበድባል። ቀትር አለፈ። ጋሽ ሙላት ሰዓታቸውን ደጋግመው አዩና፣ "አንተ እግርህ ቀልጣፋ ነው፤ እስቲ ሂድና ምን እንዳቆያቸው እይ" አሉኝ።

አውቶቡሱ መጨረሻው ላይ አወረደኝ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጭቃ አንድ ጫማዬን ነጥቆ አስቀረው። በየማሳው መሐል የቆርቆሮ ቤቶች ተበታትነው ቆመዋል። ስደርስ ዐሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ግርማ በሩ ላይ ቆሞ በትከሻዬ አሻግሮ ወደ መጣሁበት ያያል።

"ሌሎቹስ?"

"እየጠበቋችሁ ነው።"

"የት?"

"ደጃችሁ።"

ፊቱን አዙሮ ወደ ውስጥ ገባ።

ውስጥ ከሬሳው ጋር የነበሩት እንደ እነሱ ከሌላ ሌላ ሠፈር የተነሱ ጥቂት ጎረቤቶች ናቸው። አንዷ ሴትዮ እያፈረች፣ "እኛም እድር አለን እኮ፤ ግን የሁላችንም ያለው ድሮ ሠፈራችን ነው" አለችኝ። ደሜ ፈላ። በማን ላይ እንደፈላ እስከ ዛሬም አላውቀውም። በዚያ ጭቃ መኪና አይገባ ነገር፣ ቀኑ እየመሸ ነው፣ ቄሱም "በሉ ሳይጨልም" አሉ። ቃሬዛ ያዋሰን ማሳው ለምትክ ቦታ የተወሰደበት ገበሬ ነው። ግርማ ሊያመሰግነው ሲሞክር፣ "መሬቴን የወሰዱት እሳቸው አይደሉም" አለና ጋቢውን ወዲያ ጥሎ ትከሻውን አስገባ። እትዬ ዘነበችን አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቀበርናቸው። ከእሪ በከንቱ እኔ ብቻ ነበርኩ። ለዚያ ሁሉ ሰው ያለቀሱ ሴት!

መሽቶ ስመለስ ድንኳኑ ሙሉ ነው፤ አንድም ሰው አልተነሳም።

"መጡ?" አሉ ጋሽ ሙላት ብድግ ብለው።

"ተቀበሩ" አልኳቸው።

መጀመሪያ እናቴ ጮኸች፤ ሴቶቹ ተቀበሏት። ጋሽ ሙላት "ቃሌን አጠፍኩባት፣ አጠፍኩባት" እያሉ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። ሬሳ በሌለበት፣ ቤት በሌለበት ባዶ መሬት ላይ ቁጭ ብለን አለቀስን።

ለእኛም ተራው ደርሶን ይኸው ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። አልዋሽም፣ ፒያሳ አምሯል። መንገዱ ሰፍቷል፣ ማታ መብራቱ ያስደስታል። እዚያ ተወልዶ ያደገው ሰው ግን በየጥጉ ተበትኖ፣ እርስ በርሱ የሚገናኘው ለቅሶ ላይ ብቻ ሆኗል። እሱም ከተደረሰ ነው። አንጀቴን የሚበላኝ ይሄ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ከለቅሶው ስመለስ ልጄን ጠርቼ፣ "እኔ ስሞት እዚሁ ቅርብ ያለው ደብር ቅበሩኝ" አልኳት።

"ምነው አባዬ? የፒያሳ ሰዎችስ?"

"ከመጡ ደስ ይለኛል። ይመጣሉ ብላችሁ ግን እንዳታቆዩኝ።"