ከመሃል የምትሄደው ላም

ባለፈው ሳምንት ሐዋሳ ውስጥ ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወደ ባህል አዳራሽ በባጃጅ ስሄድ ስምንት የሚሆኑ ላሞች አስፋልቱን ዘግተው ቆሙብን። ሾፌሩ፣ የልጅ ልጄ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ፣ ጡሩንባውን ቢነፋ ቢነፋ የሚሰማው ሲያጣ ወረደና ከፊት የቆመችውን ነጭ ላም ይገፋት ጀመር፤ እሷ ግን አንገቷን ወደ ኋላ ጠምዝዛ ከማየት በቀር ንቅንቅ አላለችም። «እሷን ተዋት ልጄ፣ እሷ ምንም አታውቅም፤ መሃል ያለችውን አሮጊቷን ሂድና ነካ አድርጋት» አልኩት። «እማማ፣ ላም ያውቃሉ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ያልኩትን ሲያደርግ ግን አሮጊቷ ተነቃነቀች፣ ሁሉም ተነቃነቁ፣ መንገዱ ተከፈተ፤ የትኩስ እበት ሽታም ባጃጇ ውስጥ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ላም ያውቃሉ ይለኛል! እኔ በላም ምክንያት በአስራ አንድ ዓመቴ ቀበሌ ቀርቤ የተመረመርኩ ሴትዮ ነኝ።

ያ በደርግ ጊዜ ነው፤ ከተማዋንም አዋሳ እንላት ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ላም ያለው አስራ ሁለት ቤት ነበር። በእኛ ቤት አባቴ ከሞተ በኋላ የቀረነው እናቴና እኔ ብቻ ነበርን፤ እናቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች፣ ጠዋት ጠዋት በረቱን ጠርጋ፣ እጇን ታጥባ፣ ባለ ተረከዝ ጫማዋን አጥልቃ ቀጥ ብላ ወደ ቢሮ የምትሄድ ሴት። ከሌሎቹ ቤቶች ሴቶች ግማሾቹ ሲዳማ፣ ግማሾቹ ወላይታና ከምባታ፣ አንዳንዶቹም እንደ እናቴ ከሰሜን በሥራ ዝውውር የመጡ ነበሩ፤ በብዙ ነገር አይስማሙም፣ በተራ ግን ይስማማሉ። እረኛ የሚቀጥር አቅም ስላልነበረ እያንዳንዱ ቤት በአስራ ሁለት ቀን አንዴ የሰፈሩን ላሞች በሙሉ ሰፈሩ መሃል ካለው ሾላ ዛፍ ሥር ተረክቦ ሐይቁ ዳር ያለው ጨፌ ላይ ሲያግጥ ይውልና ማታ ለየቤቱ ይመልሳል። ተራዋን ያጎደለች ሴት ስሟ ወር ሙሉ ሲነሳ ይከርማል።

ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ የእኛን ቤት ተራ የምወጣው እኔ ነበርኩ። ጠዋት ሣሩ እስከ ጉልበቴ ያረጥበኛል፣ ከሐይቁ በኩል የዓሣ ሽታ ይመጣል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ጡረተኛ ትከሻቸውን ሰብቀው ቆመው ያዩናል። ተራ ጠባቂ እንባላለን እንጂ ሥራችን ዱላ ይዞ ከኋላ እየሄዱ እበት መርገጥ ነበር። መንጋውን የምትመራው ቡሬ ነበረች፣ የእኛዋ ላም፣ አንድ ቀንዷ የተሰበረ፣ ከነጠፈች ሁለት ዓመት ያለፋት አሮጊት። እናቴ ግን «ልጄን ያሳደገች ናት፣ አልሸጣትም» ብላ አስቀምጣታለች።

ቡሬ ከፊት ሄዳ አታውቅም። ከፊት የምትሄደው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቀይ ላም ነበረች፤ ወጣት፣ ወፍራም፣ ሆዳም፣ ሣሩን ቀድማ ለመድረስ የምትሮጥ። እኛ ልጆቹ አዋቂ በሌለበት «ጓድ ቀዮ» እንላት ነበር። መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ስትደርስ ግን ጓድ ቀዮ ቀጥ ትልና ወደ ኋላ ታያለች፤ ያን ጊዜ ቡሬ ከመሃል ሆና ጭንቅላቷን ብድግ አድርጋ ወደ አንዱ ትዞራለች፣ ሁሉም ወደዚያው። አረንቋው የት እንደሚውጥ፣ የት እንደሚያስረግጥ የምታውቀው እሷ ናት። ማታ ደግሞ ሁሉም ተኝተው ሲያመሰኩ መጀመሪያ የምትነሳው ቡሬ ነበረች፤ ትነሳና ጥቂት ተራምዳ ትቆማለች፣ ሁለት ሦስት ከተነሱላት ትቀጥላለች፣ የተነሳ ካጣች ደግሞ ተመልሳ ትተኛለች። ሰው ቢሆን ይቀየም ነበር። እሷ እቴ፣ ትንሽ ቆይታ እንደገና ትሞክራለች።

ይህን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ሊቀመንበሩ ግን ከቢሮው ደጅ ቆሞ መንጋው ሲያልፍ የራሱን ላም ከፊት ስለሚያይ፣ «የእኔ ላም እኮ ናት የምትመራቸው» እያለ ደረቱን ይነፋ ነበር። በላም የሚኮራ ሰው ክፉ አይደለም፤ እሱ ግን ባመነው ነገር ሰው የሚያስር ሰው ነበር።

ጳጉሜ ላይ ስብሰባ ተጠራ። ለአብዮት በዓል እንግዶች ስለሚመጡ ሰፈሩ አንድ ላም እንዲያዋጣ ተወሰነ ተባለ፤ የወሰነውን እንጃ። ሊቀመንበሩ ካኪውን ለብሶ ተነሳና የቡሬን ስም ጠራ፤ ወተት የላትም፣ መንጋውንም አትመራም፣ ዝም ብላ ሣር የምትጨርስ አድሃሪ ናት አለ። ላሚቷ አድሃሪ ሆና አረፈችው! እናቴ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ተነሳች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እሷን ከወሰዷት ከብቶቹን እርስዎ ራስዎ ይነዷቸዋል» አለች። አዳራሹ ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም።

በማግስቱ መንጋው ገብቶ እናቴ ገና ከቢሮ ሳትመለስ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ከነጠመንጃቸው መጡ። ለአንዲት አሮጊት ላም ሁለት ጠመንጃ! ጭራዋን ይዤ አልለቅም አልኩ፣ ጭቃው ላይ ጎተቱኝ፣ የማውቀውን ስድብ ሁሉ በአማርኛም በሲዳምኛም ሰደብኳቸው። ቡሬን ወስደው ቀበሌው ግቢ ውስጥ አሰሯት። እናቴ ስትመጣ ልብሴን አየች፣ ባዶውን በረት አየች፣ መጥረጊያ አንስታ ትጠርገው ጀመር። ቆሽቷ ሲያር እንደዚያ ነበረች።

በነጋታው ተራው የራሱ የሊቀመንበሩ ቤት ነበር፤ አንዱን አብዮት ጠባቂ ላከ። ሾላው ሥር ላሞቹን ተረከበና ጓድ ቀዮን ከፊት አስቀድሞ ነዳቸው። መንታው መንገድ ላይ እንደደረሱ ጓድ ቀዮ ቆመች፣ ወደ ኋላ አየች። መሃል ላይ ማንም የለም። መታት፣ ወይ ፍንክች! የኋለኞቹን መታ፣ እርስ በርስ ተጋፉ እንጂ አልሄዱም። ያን ጊዜ ቡሬ ከቀበሌው ግቢ አንድ ጊዜ ጮኸች። መንጋው በሙሉ ዞሮ ወደ ድምፁ ሄደ፣ ጓድ ቀዮም ከሁሉም ኋላ ሆና እየሮጠች ተከተለች፣ የቀርከሃውን አጥር ደርምሰው ግቢውን ሞሉት። እናቴ ለቢሮ ለብሳ በዚያው ስታልፍ ይህን አየች፤ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር አድርጋ በከብቶቹ መካከል ገባችና ሊቀመንበሩ ዓይኑ እያየ የቡሬን ገመድ ፈታች። መንጋው ቡሬን መሃል አስገብቶ በፈረሰው አጥር ወደ ጨፌው ወጣ፤ እናቴ ግን አልወጣችም። «ማን ፈቀደልሽ?» ሲላት «ማንም» አለችው፤ እዚያው ያለው እስር ክፍል አስገቧት።

ላሟ ካልተመለሰች እናትሽ አትወጣም ተባልኩ። እናቴ ይህን ስትሰማ በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል፣ «ቡሬን ይዘሽ ብትመጪ ልጄ አይደለሽም!» አለችኝ። የት አግኝቼ! ማታ መንጋው ሲመለስ ቡሬ አብራ አልነበረችም፤ ከሌሎቹ አስር ቤቶች የአንዱ ጓሮ ውጧታል፣ የማን እንደሆነ የነገረኝ የለም። ያን ሌሊት ብቻዬን ተኝቼ፣ ሰው ቀበሌ ገብቶ በዚያው የሚቀርበት ዘመን እንደሆነ አውቅ ስለነበር፣ እውነቱን ልናገር፣ ቡሬን ባገኛት ኖሮ ይዤያት እሄድ ነበር።

ጠዋት ሾላው ሥር አስሩም ሴቶች ላሞቻቸውን ለባለ ተራው አስረክበው ወደ ቤታቸው አልተመለሱም፣ እዚያው ቆሙ። የተጠራራ የለም። እኔ ግንዱን ተደግፌ ሳያቸው ከመሃላቸው አንዷ፣ በስብሰባ አፏን ከፍታ የማታውቅ ሴት፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቀበሌው ጥቂት ተራመደችና ቆመች። ወደ ኋላ አየች። አንዲት ተነቃነቀችላት፣ ቀጥሎ ሌላ። ያን ጊዜ ቀጠለች፤ ሌሎቹም ሲነቃነቁ ወዲያው ከመሃላቸው ጠፋች፣ በር ላይ ሲደርሱ ከፊት የነበረችው ሌላ ሴት ናት። በሩ ላይ ተቀመጡ። ለእናቴ ምግብ አስገቡላት፣ የቀረውን ቀን እዚያው ዋሉ፣ ሰዓት እላፊ ሲደርስ ሄዱ፣ በማግስቱም ተመለሱ።

ሊቀመንበሩ ይወጣል፣ ይገባል፣ «መሪያችሁ ማን ናት? አስተባባሪዋ ትቅረብ!» ይላል፤ ሴቶቹ እንዝርታቸውን ያሾራሉ። አንዷን ቢያገኝ ሌሎቹ እንደሚበተኑ ያውቃል። መጨረሻ እኔን አስጠራኝ። ቢሮው ውስጥ ከረሜላ ሰጠኝና፣ ሾላው ሥር እንደነበርኩ ሰው እንዳየኝ ነገረኝ። መጀመሪያ የተራመደችው ማን ናት? ስሟን ብቻ ንገሪኝና እናትሽን አሁኑኑ ይዘሽ ትሄጃለሽ አለኝ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እናቴ ከግድግዳው ወዲያ ስታስል ይሰማኛል። ስሟ ምላሴ ላይ ነበር፣ እንባዬም መጥቶ ነበር። ከረሜላውን ፈትቼ አፌ ውስጥ ከተትኩና «አላየሁም» አልኩት። ጮኸብኝ። «አላየሁም።» ጆሮዬን ጠምዝዞ ብድግ አደረገኝ። «አላየሁም አልኩ እኮ!»

በሦስተኛው ቀን፣ የበዓሉ ዋዜማ፣ እንግዶቹ ሊገቡ በሩ ላይ አስር ሴቶች ተቀምጠው መታየታቸው ስላላማረው ሊቀመንበሩ እናቴን ፈታት። ጸጉሯ ተንጨባሯል፣ የጫማዋ አንደኛው ተረከዝ ተሰብሯል፣ እያነከሰች ወጣች፤ ሴቶቹ ተነስተው መሃላቸው አስገቧትና ወደ ቤት ሄድን። ለበዓሉ ምን እንደታረደ አላውቅም፣ እኛ አልተጠራንም። ቡሬ ከሳምንት በኋላ ሾላው ሥር ከመንጋው መሃል ቆማ ተገኘች፣ ሁለት ክረምት ኖራ በራሷ ጊዜ በረታችን ውስጥ ሞተች።

ዛሬ ጨፌው የለም፣ ቤት ተሠርቶበታል። ሾላው ተቆርጧል። ተራ የሚባለውንም ነገር ለልጆቼ ሳስረዳ ተረት ይመስላቸዋል፤ ሰው በየግንብ አጥሩ ውስጥ በሩን ቆልፎ ሰላምታ በስልክ ይልካል፣ ጎረቤቱ ቢታሰር የሚሰማው በሳምንቱ ነው። እናቴም እነዚያ ሴቶችም የሉም። የቀረነው እኔና አንድ ስም ነን።

አምና አንድ ጥሩ ልጅ የሰፈሩን ታሪክ እጽፋለሁ ብሎ መቅጃ ይዞ ቤቴ መጣ። ሁሉንም ነገርኩት፣ የቀበሌውን፣ የአጥሩን፣ የእናቴን። በመጨረሻ፣ «እትዬ፣ መጀመሪያ የተራመደችው ሴትዮ ማን ነበረች? ስሟን ከፊት ገጽ ላይ አደርገዋለሁ» አለኝ። ሊቀመንበሩ ሞቷል፣ መንግሥቱ ወድቋል፣ የምፈራው ማንም የለም። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ከፊት ቆማ አታውቅም፣ እኔ ደግሞ ከመሃል አውጥቼ የማቆማት ማን ሆኜ ነው? ሞቼ እገኛለሁ!

«አላየሁም» አልኩት።