ስምንት ሚሊሜትር

የወንድሜ የታምሩ አርባ ባለፈው ሳምንት ወጣ። ትናንት አባቴ ከተኛበት ክፍል ገብቼ የታምሩን ልብስ ላጣጥፍ ብዬ ቁም ሣጥኑን ስከፍት ከታች ያቺን ክብ ቆርቆሮ አገኘኋት። ውስጧ የተበጣጠሰ ፊልም አለ። ያስበጠስኩት እኔ ነኝ።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። አሥር ዓመት የሚበልጠኝ ታምሩ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ ሹፌር ነበር። እናታችን ስትሞት ሁለት ዓመት ስላልሞላኝ እኔ የማውቀው ፎቶዋን ብቻ ነው። ፊልሙ ላይ ግን ነበረች፤ ወንጂ ስታድግ፣ ገና ልጅ ሳለች፣ አንድ ጎረቤታቸው የነበረ ፈረንጅ ቀርጿት፣ ወደ አገሩ ሲመለስ ለአያቴ ሰጣቸው። ማሳያ ማሽን ግን ቤታችን ኖሮ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ታምሩ በአንድ እጁ አሮጌ ማሽን፣ በሌላው ከመተሐራ የገዛውን ሐብሐብ ይዞ ገባ።

"እማዬን ልታያት ነው" አለኝ። "ግን መጀመሪያ ጋሽ ደምሴን እንጠይቅ።"

ጋሽ ደምሴ ሲኒማ ቤት ፊልም ሲያሳዩ ኖረው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ናቸው። ያን ቀን ግን ከከተማ ወጥተው ነበር፤ የሚመለሱት ሰኞ ነው። እኔ ሰኞን መጠበቅ አልቻልኩም። ማስመሪያዬን አውጥቼ የፊልሙን ስፋት ለካሁ። ስምንት ሚሊሜትር። ማሽኑም ላይ ስምንት ተጽፏል።

"ይኸው እኩል ናቸው፤ ምኑ ይጠየቃል?"

"እሺ ኢንጂነር!" ብሎ ሳቀ።

መጋረጃውን ዘግተን ነጭ አንሶላ ሰቀልን። ማሽኑ የጋለ አቧራ ሸተተ። አንዲት ቀጭን ልጅ አገዳ ይዛ ብቅ አለች። ምስሉ ይዘላል። ፊቷን ወደ እኛ ማዞር ስትጀምር ማሽኑ ተንቋቋ። ታምሩ ገመዱን ሲነቅል ፊልሙ ተተልትሎ ነበር። የተረፈው የአገዳ ማሳ ብቻ ነው፤ እሷ የነበረችው መጀመሪያው ላይ ነው።

ሰኞ ጋሽ ደምሴ ቁርጥራጩን በመስኮቱ ብርሃን አዩት።

"የኔ ልጅ፣ ጫማ በርዝመቱ ብቻ ትገዛለህ?" አሉኝ።

ለሲኒማ ቤት ሠላሳ አምስት ሚሊሜትር፣ ለትምህርት ቤትና ለካምፕ አሥራ ስድስት፣ ለመኖሪያ ቤት ስምንት ነበር አሉን። ስምንቱ ግን ሁለት ዓይነት ነው። የድሮው አሥራ ስድስቱን በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቀው የሚያገኙት ነው፤ የማሽኑ ጥርስ የሚገባበት የጠርዙ ቀዳዳ ትልቅ ነው። በኋላ በመጣው ላይ ሥዕሉ እንዲሰፋ ቀዳዳውን አሳነሱት፣ አራራቁትም። ስፋታቸው አንድ ነው። ታምሩ ያመጣው ማሽን ግን ለአዲሱ ዓይነት የተሠራ ስለሆነ፣ ጥርሱ የድሮውን ቀዳዳ ስቶ ፊልሙን ቀደደው።

ቤት ስንገባ አለቀስኩ። ታምሩ አልተቆጣኝም። "ና፣ ተመልከት" ብሎ ከበሩ እስከ መስኮቱ ሄደ፤ ግራ ትከሻውን ጣል እያደረገ፣ ፈጠን ፈጠን እያለ።

"እማዬ እንዲህ ነበር የምትሄደው። ዞር ስትል ደግሞ እንዲህ።"

ያ ሁሉ ቁመት እንደዚያ ሲሄድ ከእንባዬ ጋር ሳቄ መጣ። ከዚያ ወዲህ በለመንኩት ቁጥር ይሄድልኝ ነበር።

የዛሬ ወር ተኩል ገደማ መኪናው መተሐራ መንገድ ላይ ተገለበጠ። ስልኬ ውስጥ የታምሩ ቪዲዮ ሞልቷል፤ ያን አካሄድ ግን አንድም ቀን አልቀረጽኩትም። ሁሌም የሚኖር መስሎኝ ነው። እናቴም አብራው የሄደች ይመስለኛል።

ትናንት ቆርቆሮዋን ዘግቼ ከበሩ እስከ መስኮቱ ሄድኩ። ግራ ትከሻዬን ጣል አደረግኩ። ዞር ስል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ የተኛ የመሰለኝ አባቴ አልጋው ላይ ቀና ብሏል።

"እስቲ ድገመው" አለኝ።

ደገምኩት። በትክክል መሄዴን አሁን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። አላረመኝም።