በማር የተወለደችው ፈረንጅ እህቴ

ይህ የሆነው በ1957 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው። እኔ ያን ጊዜ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ከልቤ የማይወጣው፣ የሙት ልጅ ሊረዱ ባሕር ተሻግረው የመጡ ሰዎች እኛ ቤት ምን እንደገጠማቸው በዓይኔ ስላየሁ ነው። የልጅ ልጆቼ ስነግራቸው ይስቃሉ። ይሳቁ።

ሰፈራችን ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ሲሄዱ ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው። ሁለት ፈረንጆች፣ ጓደኛሞች፣ ገና ልጃገረዶች፣ የትምህርት እረፍታችንን በበጎ ሥራ እናሳልፍ ብለው ዳንግላ መጡ። ለጥቂት ሳምንት ነው አሉ። በሐምሌ! ጭቃው ፈረስ በሚውጥበት ወር! መካሪ ዘመድ እንደሌላቸው ያኔውኑ ጠርጥሬያለሁ።

ጭቃ ሹማችን ከገበያ ሲመለስ "የሙት ልጅ ያለው ያምጣ፤ ዳንግላ ላይ ቤት ተዘጋጅቶላቸዋል፣ እዚያ ገብተው ያድጋሉ" ብሎ አስለፈፈ። ልጅ ያመጣ ግን አልተገኘም። በኛ አገር የሙት ልጅ ሜዳ ላይ አይቀርም። አጎት ይወስደዋል፤ ዘመድ ካጣም ጎረቤት የማር ልጅ ያደርገዋል። አሳዳጊው ሽማግሌ ፊት አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ያጠባዋል። ከዚያ በኋላ ልጁ ነው፣ አለቀ። የማርን ልጅ "የሙት ልጅ" ብሎ የጠራ ዱላ ይቀምሳል።

እኛ ቤት ይታይሽ የምትባል ልጅ ነበረች። ገና ጥርሷን እየነቀለች ነው። ጎረቤታችን የነበረች እናቷ ስትሞት እናቴ በማር ወሰደቻት። ጭቃ ሹሙ እንግዶቹ ፊት ባዶ እጁን እንዳይቀርብ ዓይኑን እሷ ላይ ጣለ።

"እሜቴ፣ ይታይሽን ይስጡኝ። ያስተምሯታል፣ ጫማ ይገዙላታል።"

"በኔ ቤት የሙት ልጅ የለም" አለች እናቴ። "ከፈለግህ አንተንስ ያሳደገችህ አክስትህ አይደለችም? ሂድና ራስህን አስረክብ!"

"እንግዲያው እነሱኑ አምጥቼ አፋጥጥዎታለሁ" ብሎ እየተቆጣ ወጣ።

አመጣቸውም። በበቅሎ፣ እስከ ጉልበታቸው በጭቃ ተለውሰው። አንዷ ረጅም፣ ሌላዋ ፊቷ ላይ ቀይ ጤፍ የተዘራባት የምትመስል። አንድ የዳንግላ መምህር ለማስተርጎም ተከትሏቸዋል። ጭቃ ሹሙ ደግሞ እናቴ ብታፍር ብሎ ሁለት ሽማግሎች ጨምሯል።

ይታይሽ እናቴ ቀሚስ ሥር ተወሽቃለች። እኔ ጅራፌን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። እናቴ አማርኛ ስለማትችል አገውኛዋን ወደ አማርኛ የምመልሰው ግን እኔው ነኝ፤ ስለዚህ ጅራፌንም ያዝኩ፣ አስተረጎምኩም።

ረጅሟ "ይህች ልጅ እናት የላትም ወይ?" ብላ አስጠየቀች።

እናቴ መልሱን ትታ "እናንተስ እናት የላችሁም? በዚህ ክረምት ማን ለቀቃችሁ?" አለች።

ረጅሟ እናቷ አገሯ እንዳለች ተናገረች። ባለጤፏ ግን ፈገግ ብላ፣ እናትም አባትም በሕፃንነቷ እንደሞቱባት፣ ያሳደጋትም የሕፃናት ማሳደጊያ እንደሆነ ነገረችን።

እናቴ ይህን ስትሰማ ጭኗን መታች። "ውይ! አንተ ጭቃ! የሙት ልጅቷን በበቅሎ ጭነህ እየዞርክ እኔን ልጅሽን ስጪኝ ትለኛለህ?"

ከጓዳ ማር ይዛ መጣች። አውራ ጣቷን ነክራ ወደ ልጅቱ አፍ ዘረጋች።

"ኧረ ንገራት!" አልኩት መምህሩን።

"ምኑን? ማር ቅመሺ እያሏት አይደል?" አለኝ። የከተማ ልጅ ነዋ።

ልጅቱም የቤቱን እመቤት እንዳላሳፍር ብላ ጠባች። ሽማግሎቹ ብድግ ብለው መረቁ። ጭቃ ሹሙ ምስክር ይሆኑኛል ብሎ ያመጣቸው ለእናቴ ምስክር ሆኑ።

መምህሩ ነገሩን ከኔ ሲሰማ ደነገጠ። ለልጅቱ ሲነግራት ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ቆይታ ይታይሽን ተመለከተችና "እንግዲያው ይህች እህቴ ናት። እዚህ ቤት የሚወሰድ ልጅ የለም" አለች።

ጭቃ ሹሙ ራሱን አከከ። "እሺ፣ እንግዲህ ዳንግላው ቤት እኔው ልግባላቸዋ!" ሁላችንም ሳቅን። ይታይሽም ከቀሚሱ ሥር ወጣች።

እኔ ግን ብዙ አልሳቅሁም። አንደኛው ሽማግሌ ሲወጣ "አንተ፣ የማር ልጅ ከመሬቱም ድርሻ አላት" አለኝ።

"ነገ ለምትሄድ?" ብዬ ጮህኩ።

"ከተወለደች ገና አንድ ቀን አልሞላት፣ ከአሁኑ ልትነፍጋት ነው?" አለች እናቴ።

ያቺ ልጅ ተመልሳ አልመጣችም። ይታይሽ ዛሬ አያት ሆናለች፤ ለሚጠይቃት ሁሉ ፈረንጅ እህት አለኝ ትላለች። እኔንም እህቶችህ ስንት ናቸው ካሉኝ ሁለት ነው የምለው። ክርክር አልወድም።

ያን ዕለት ግን ተናድጄ ነው የተኛሁት። በማግስቱ ጠዋት እንግዶቹ በበቅሎ ወደ ዳንግላ ሲወርዱ እኔ በሬዎቼን ነድቼ ማሳ ወረድኩ። ከወንዙ ዳር ያለውን ጥግ በድንጋይ ከለልኩት። ወንድም እያለ የእህት መሬት ጦሙን አያድርም፤ መጀመሪያ እሱን አረስኩ።