ግድግዳው ወደ ላይ ይገፋል

እህቴ ከዩኒቨርሲቲ ለክረምት በመጣች ቁጥር አባታችን ከወንበራቸው ይነሡላት ነበር። ለእኔ ተነሥተው አያውቁም። እንዴትስ ይነሡ፣ እኔ መቼ ሄጄ መጣሁና?

አባታችን በደጋው በመሐል ሜዳ ዙሪያ የታወቁ አናጺ ነበሩ። ትምህርት ቤት የተላከችው ታናሼ ናት። እኔ እናታችን ስትታመም ቤት ቀረሁ፤ ፊደሉንም ቁጥሩንም ከእህቴ ደብተር ላይ ለቃቅሜ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ቅናቴ ከየት እንደመጣ ማስረዳት አያሻኝም።

አንድ ክረምት የሰፈራችን እድር የለቅሶ አዳራሹን የጣራ ሥራ ለአባታችን ሰጠ። የድንጋዩ ግድግዳ ቆሟል፤ የቀረው ቆርቆሮውና የሚሸከመው እንጨት ነው። እድርተኛው አንድ ነገር አጥብቆ ጠየቀ፦ መሐሉ ላይ ምሰሶ እንዳይኖር፣ ሐዘንተኛው ከምሰሶ ኋላ እንዳይደበቅ። አባታችን ይህን የሚያህል ቤት ያለ ምሰሶ ሠርተው አያውቁም። ሁሉንም እንጨት ላወፍረው ቢሉ ደግሞ እኛ ሀገር እንጨት ከየት ይመጣል? በብርዱ ዛፉ አያድግ፤ የምናነደው እንኳ ኩበት ነው።

«አባባ፣ ሁሉም መወፈር የለበትም» አለች እህቴ ረጅም ማስመሪያዋን አውጥታ። «የትኛው ብዙ እንደሚሸከም በመስመር እናየዋለን።»

ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው የሁለቱ ሆነ። እኔ ከበሩ አጠገብ የበግ ጠጉር እየፈተልኩ ጆሮዬን ጣልኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሸክሙን በመስመር ትስያለሽ፤ ከባዱን ረጅም፣ ቀላሉን አጭር። መስመሮቹን ጫፍ ለጫፍ ትቀጥያቸዋለሽ። መጨረሻው ዞሮ ከመጀመሪያው ጋር ከገጠመ ደኅና፤ ካልገጠመ የሆነ ነገር ጎድሏል። ከዚያ ለእያንዳንዱ እንጨት የራሱ መስመር ይወጣለታል፤ ረጅም የወጣለት ይወፍራል፣ አጭር የወጣለት ይቀጥናል። የሚደመር የለ፣ የሚባዛ የለ! እንዲህ የሚያምር ነገር ለእሷ ብቻ መነገሩ አንጀቴን አቃጠለው።

የመሄጃዋ ጊዜ ሲቃረብ አባታችን ተከዙ።

«አንቺ ልትሄጂ ነው። ይህን ስዕል ማን ያነብልኛል? ከከተማ አንድ የተማረ ጎረምሳ ልፈልግ ይሆን?»

እኔ እዚያው ነኝ እኮ! ከበሩ አጠገብ! ክሬ ከእጄ ላይ ተበጠሰ።

እሑድ ሁለቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ራሴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። ከሰል አነሣሁና በእንዝርቴ ዘንግ እያሰመርኩ፣ በነጭ አፈር የተለቀለቀውን የጓዳ ግድግዳ በጣራ ስዕል ሞላሁት። ሸክም ከሸክም ቀጠልኩ። መስመሬ ወረደ፣ ወረደ፣ ወለሉን ሊነካ ደረሰ። ወደ መጀመሪያው የሚመልሰው ግን ጠፋ። አጠፋሁ፣ ደገምኩ፤ ያው ነው። ለእሷ የሚታዘዝ መስመር እኔን ሲንቀኝ እንባዬ መጣ። ቅዳሴው ወጥቶ ኖሮ ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ።

«እትዬ! ግድግዳውን ረሳሽው እኮ።»

«የቱን ግድግዳ?»

«ጣራውን የተሸከመውን ነዋ። ጣራው ወደ ታች ሲጫነው እሱ ወደ ላይ ይገፋል።»

«ድንጋይ ነው የሚገፋው? አሹፊብኝ እንጂ! ከተሠራ ጀምሮ ንቅንቅ ሳይል ቁጭ ያለውን!»

«ንቅንቅ ያላለው እየገፋ ስለሆነ ነው።»

ልታሳየኝ እጇን ወደ ከሰሉ ስትሰድ ነጠቅኋት። ሸክሙን ለሁለት እኩል ከፈልኩት፦ አንድ መስመር ለግራው ግድግዳ፣ አንድ ለቀኙ፣ ሁለቱንም ወደ ላይ። ገጠመ!

አባታችን ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ በሩ ላይ ቆመዋል። ስዕሉን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ ጠጋ ብለው ጣታቸውን አንዱ ሰያፍ እንጨት ላይ አሳረፉ።

«ይህስ? ይወፍራል ወይስ ይቀጥናል?»

ማንን እንደጠየቁ ለማወቅ ዓይናቸውን አየሁ። እኔን ነው። መስመሩን አወጣሁለት፤ አጠረ።

«ይቀጥናል» አልኩ። እህቴም አፏን ከፍታ ነበር፤ ቀደምኳት።

እሷ ሄደች፤ ጎረምሳውም ሳይፈለግ ቀረ። በበጋው እኔ እያነበብኩ አባታችን እየቆረጡ ጣራው ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ማዶ ለማዶ ተቀምጠን ስንጨቃጨቅ የዋልንባቸውን ቀናት በምንም አልለውጣቸውም።

በሚቀጥለው ክረምት እህቴ መጣችና አዳራሹ ውስጥ ቀና ብላ ቆመች።

«አባባ፣ አግዳሚውን መሐሉ ላይ እንዴት ቀጠላችሁት?»

«እኔ ምን አውቄ» አሉ፣ መጋዛቸውን እየጠረጉ። «እህትሽን ጠይቂያት።»

ፊቷን አየሁት። ከንፈሯ ጠበቅ አለ፤ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈና ወደ እሳቸው ተመለሰ። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ከበሩ አጠገብ ስፈትል ስንት ክረምት የእኔ ፊት ነበር። ታናሼ ናት፣ ላጽናናት ይገባል።

ማጽናናቱንስ አጽናናኋት። መጀመሪያ ግን ትንሽ ቆየሁ።