እናቴ ያዘዘችኝ ገብስማ ዶሮ

ከጎንደር የተነሣሁት በኅዳር አጋማሽ ነው። ጭልጋ ያለችው እናቴ ታማ፥ «ገብስማ ዶሮ ይዘህ ቶሎ ድረስ» ብላ ሰው ልካብኛለች። ዶሮዋ የዛር መሆኗ ስለገባኝ ተናደድሁ። እኔ የሐኪም ቤት ድሬሰር ነኝ፤ እንዴት ለዛር ዶሮ እጎትታለሁ! ያ ዛር በአያቴ ላይ ነበር፤ እሷ ስትሞት ወደ እናቴ ወረደ። ልጅ ሳለሁ እናቴ ሲነሣባት በወንድ ድምፅ ትፎክር ነበርና ከቤት ሸሽቼ እወጣ ነበር። ስለዚህ ክኒን አዘጋጀሁ እንጂ ቅዳሜ ገበያ እንኳ አልወጣሁም።

ሰኞ፥ የጭልጋ መንገድ

የተሳፈርሁበት የጭነት ማኪና አዘዞ ላይ ውኃ ሊጨምር ሲቆም፥ አንዲት ሴት ቀይ ዶሮ ይዛ አየሁና በሃምሳ ሳንቲም ገዛኋት። ለሾርባ ትሆናለች አልሁ። ጣሊያን የሠራውን መንገድ የክረምቱ ጎርፍ ቦርቡሮታል፤ በጨው ከረጢት ላይ ተቀምጠን ስንናጥ ዋልን። ግራና ቀኝ ጤፍ ይታጨዳል። አጠገቤ የነበሩት አያ ሰይድ የሚባሉ የጎንደር ጨርቅ ነጋዴ ናቸው።

«ዶሮዋ ለማን ናት?» አሉኝ።

«ለእናቴ። ያዘዘችኝስ ገብስማ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ቀይ ያዝህ?»

«ዶሮ ያው ዶሮ ነው፥ አያ ሰይድ።»

«ለእኔና ለአንተ ነዋ! እነሱ እኮ መልክ ያያሉ» አሉና ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

ማክሰኞ

አይከል ሽሮ በልቼ አደርሁ፤ ማለዳ ተነሥቼ ሦስት ሰዓት ያህል በእግሬ ሄድሁ። እናቴ መደብ ላይ ተኝታለች። አጥንቷ ብቻ ቀርቷል።

«ምነው ቆየህ ልጄ?» አለችና ዶሮዋን አየቻት። «ገብስማ አጣህ?»

«ገበያውን ሁሉ አሰስሁት እማዬ፤ ጠፋ» ብዬ ዋሸኋት።

«አይ ልጄ፥ እንዲህ ደከምህልኝ! ይችም ሸጋ ዶሮ ናት።»

ለእኔ ወጥ እንድትሠራልኝ እኅቴን ውዴን አዘዘቻት። ክኒኑንም ልጄን ደስ ይበለው ብላ ዋጠች።

ውዴ ደጅ ዶሮዋን ስትበልት ታለቅሳለች። «ለራሷ ድኅነት የፈለገችው መሰለህ?» አለችኝ። «ዛሩን አብልታ ልትለምነው ነበር፤ ‹በእኔ ይብቃህ፥ ልጄን አትውረስ› ልትለው።» ውዴ ለጥር ታጭታለች።

«ከጎረቤት ፈልጌ ላምጣ» አልኋት።

«ቤት ለቤት ዞሬ ጨርሻለሁ። ካንተ በቀር ተስፋ አልነበራትም።»

ሐሙስ አይከል ገበያ ልወርድ ወሰንሁ። እናቴ ግን ረቡዕ ረፋድ ላይ ዐረፈች።

ሣልስት

ለቀስተኛው ተሰብስቦ ሳለ ውዴ ተንቀጥቅጣ ወደቀች። ቀጥላ አጓራች፤ በዚያው በልጅነቴ እሸሸው በነበረው የወንድ ድምፅ ፎከረች። እኔ ድሬሰሩ ቦርሳዬን ከፍቼ ቆምሁ፤ የሚረዳት ነገር አላገኘሁበትም። የእጮኛዋ አባት እህል ሳይቀምሱ ወጡ። በማግስቱ ሽማግሌ ልከው ጋብቻውን አፈረሱ። ውዴ አልወቀሰችኝም፤ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ጎንደር

እኅቴን ይዤ ተመለስሁ። ዛር ይኑር አይኑር፥ ዛሬም አላውቅም። አንድ ነገር ግን ተምሬ መጣሁ፤ የሚሞት ሰው ሲለምን ከመናቅ በፊት ለማን እንደሚለምን መጠየቅ ይገባል። እኔ አልጠየቅሁም፤ እናቴም በሥጋት ሞተች። ይህ ያንገበግበኛል።

ከገባን በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ውዴ በሐፍረት አንገቷን ደፍታ፥ «ገብስማ ይላል» አለችኝ። ወዲያው ገበያ ወጣሁ። ዶሮ ተራ ገና ከመግባቴ አንዲት ሴት አራት ገብስማ ዶሮዎች በአንድ ገመድ አስራ ተቀምጣለች።

«የትኛዋን ልስጥህ ወንድሜ?» አለችኝ።