አንድ ሰው ብቻ ይለቀቃል

ሰርካለም ወዳጆ የሞላሌ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ወዳጆ ባና ሠሪ ናቸው። የበግ ጠጉሩ ከገበያ ይገዛል፣ እናቷ ወይዘሮ ይዘንጋሽ ይፈትሉታል፣ አባትየው ይሸምኑታል። መንዝ ውስጥ ባና የማይለብስ ሰው የለም፤ ሸማኔውን ግን እንደ እኩያ የሚያየው ጥቂት ነበር። ልጅቷ ሐኪም ሆና ስትመረቅ ነገሩን የሚያነሣው ጠፋ። ሰርካለም ስለዚህ ስትጠየቅ አትማረርም። «እንዲያ ነበር» ብላ ታልፈዋለች።

ከተመረቀች በኋላ ምደባው በዕጣ ነበርና መልሶ መንዝ ደረሳት። የደረሳት ከዘመሮ ብዙም የማይርቅ ትንሽ ሆስፒታል ነው። የክፍል ጓደኞቿ «ታድለሽ፣ አገርሽ ገባሽ» አሏት። እሷ ግን ሌላ አገር ማየት ትፈልግ ስለነበር ደስ አላላትም። ሻንጣዋን ይዛ ስትደርስ በሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ጠቅላላ ሐኪም ብቻ አገኘች፤ ዶክተር ምንይሉን።

ምንይሉ የመርሐቤቴ ልጅ ነው፣ ዓለም ከተማ ያደገ። የመንዝ ብርድ አልተስማማውም። «ይህን ብርድ በጉ እንኳ የቻለው ጠጉር ስላለው ነው» ይል ነበር፤ በነጩ ጋዋን ላይ ጃኬት ደርቦ ነው የሚሠራው። ከእሷ ዓመት ተኩል ያህል ቀድሞ መጥቷል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አጠገቧ ቆሞ አሠራት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁልጊዜ ከበላይ የምትጠይቀው ሰው ነበራት፤ እዚህ ግን ላብራቶሪው የማይሠራው ምርመራ ብዙ ነው፣ መድኃኒቱም ያለው ብቻ ነው የሚታዘዘው። ባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ ያሳያት ምንይሉ ነው። ይህን ዛሬም አትክድም።

አንድ ዓመት አብረው ከሠሩ በኋላ ምንይሉ ሥራውን ለቀቀ። አዲስ አበባ አንድ የግል ክሊኒክ የተሻለ ደመወዝ ሰጠው። በዚያን ጊዜ የሁለት ዓመት አገልግሎቱ ሞልቶለት ስለነበር ለስፔሻሊቲ ትምህርት ማመልከት ይችል ነበር፤ ልቡ ግን ወደዚያ አልነበረም። «መጀመሪያ እጄ ላይ ትንሽ ነገር ልያዝ፣ ትምህርቱ አያመልጠኝም» ብሏት ሄደ። እሷ ብቻዋን ቀረች። ተተኪ ይላካል ተብሎ ነበር፤ ሳይላክ ዓመቱ አለቀ። ተረኛዋም እሷ፣ ተመላላሽ ክፍል የምታየውም እሷ፣ ሐኪም ሲጠየቅ ፍርድ ቤት ቀርባ የምትመሰክረውም እሷ ሆነች።

በዚያ ዓመት ነው ከቀየት በኩል የሚመጡ አንዲት ሴት ያወቀችው፤ ወይዘሮ ጌታነሽ ይባላሉ። ሰባት ልጅ ወልደዋል። ውኃና እንጨት ሲሸከሙ ኖረው ማህፀናቸው ወደ ታች ወጥቷል፤ ለብዙ ዓመት ለማንም ሳይናገሩ በጨርቅ እየደገፉ እርሻም ገበያም ሲሄዱ ኖረዋል። ሰርካለም መረመረቻቸውና ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ጻፈችላቸው። ከወራት በኋላ እንደገና መጡ። ደብረ ብርሃን አልሄዱም።

«ለምን ሳይሄዱ ቀሩ?» አለቻቸው።

«ማን ይዞኝ ይሄዳል ልጄ? ሰውዬው አጨዳ ላይ ነው። ልጆቹም አያውቁም፣ እንዴት ብዬ ነው የምነግራቸው?»

«ይህ እኮ በቀዶ ሕክምና የሚስተካከል ነገር ነው።»

«እዚህ የሚሠራው የለም?»

«የለም።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አንቺስ አትማሪውም?» አሏት።

ሰርካለም ከዚያ ቀደም ስለ ስፔሻሊቲ ስታስብ ወደ ውስጥ ደዌ ታደላ ነበር። ከዚህ በኋላ ግን ለሚጠይቃት ሁሉ የማህፀንና ጽንስ ሕክምና ነው የምማረው ማለት ጀመረች። እንደ ወይዘሮ ጌታነሽ ያሉ ሴቶች በዓመት ውስጥ ብዙ ይመጡ ነበር፤ ሁሉም ሪፈር ይዘው ይመለሳሉ፣ አብዛኞቹ ከቤታቸው አያልፉም።

ዓመት ሞልቶ ጥቂት ሲያልፍ ምንይሉ ተመለሰ። ክሊኒኩ ውስጥ ከባለቤቱ ጋር አልተስማማም፤ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይም ደመወዙን በላበት። ሆስፒታሉ በአዲስ ቅጥር ተቀበለው። ሰርካለም ደስ አላት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ያለ ሐሳብ ሞላሌ ሄዳ ቤተሰቦቿ ዘንድ ሰነበተች።

የዚያ ዓመት የስፔሻሊቲ ማመልከቻ ማስታወቂያ የወጣው እሷ እዚያው ሞላሌ ሳለች ነው። ስልኳ ላይ አይታ ለአባቷ ነገረቻቸው። አቶ ወዳጆ ሸማኔ እግሩን ከሚያስገባበት ከሸማ ዕቃው ጉድጓድ ሳይወጡ ሰሟት።

«ዶክተር ሆነሻል አይደል እንዴ? ደግሞ ምን ቀረሽ?»

«ጠቅላላ ሐኪም ነኝ አባባ። ሁሉንም ትንሽ ትንሽ አውቃለሁ። ይሄ አንዱን ነገር ብቻ ጠልቆ መማር ነው፣ አራት ዓመት።»

«ታዲያ መማር ከፈለግሽ ሄደሽ መማር ነዋ።»

«እንዲያ አይደለም። መጀመሪያ የሚጠየቅ ነገር አለ። ዲግሪው፣ የሥራ ፈቃዱ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑ፣ ከዚያ የተመደቡበት ቦታ ሁለት ዓመት ማገልገል። ፈተናም አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የምሠራበት ሆስፒታል ይህችን ልጅ ልኬያለሁ፣ ስትጨርስ ተመልሳ ዞኑ በሚመድባት ቦታ ታገለግላለች ብሎ መጻፍ አለበት።»

«ሆስፒታሉስ ለምን አይጽፍም? ሠርተሽለታል።»

«ሐኪሞቹ ከሄዱ ማን ያክማል? ከእኛ ሆስፒታል አንድ ሰው ብቻ ነው የሚለቀቀው።»

«ማነው ሌላው?»

«ምንይሉ» አለች።

አባቷ ምንይሉን ያውቁታል። አንድ ጊዜ ከእሷ ጋር ቤት መጥቶ ከሳቸው ባና ገዝቷል፤ ዋጋም ሳይከራከር። ወደ ሽመናቸው ተመለሱ።

ወደ ሆስፒታሉ ስትመለስ ጉዳዩ ተወስኖ ቆያት። ሥራ አስኪያጁ አቶ ይሥሐቅ ኮሚቴ ሰብስበው ነበር። ሁለቱም ለመማር እንደሚፈልጉ ታውቋል፤ መለያው አገልግሎት ይሁን ተባለ። የምንይሉ የቀድሞውና የአሁኑ ሲደመር ከእሷ ይበልጣል። ስለዚህ የድጋፍ ደብዳቤው ለእሱ እንዲጻፍ ወሰኑ።

ሰርካለም የአቶ ይሥሐቅ ቢሮ ገባች።

«ሥራ ለቆ የሄደ ሰው ሲመለስ የድሮው አገልግሎት ይቆጠርለታል?» አለቻቸው።

«ማስታወቂያው ሁለት ዓመት ያገለገለ ነው የሚለው። ያልተቋረጠ ይሁን አይልም።»

«ይቆጠራልም አይልም።»

«አይልም» አሉ አቶ ይሥሐቅ። ሰውየው ጠብ የማይወዱ፣ ጡረታቸው የቀረበ ሰው ናቸው። «ቅር ካለሽ ዞኑን ጠይቂ። መብትሽ ነው። ግን ምንይሉ መስማቱ አይቀርም።»

«ከእኔ ነው የሚሰማው» አለች።

በማግስቱ ጠዋት የተኙ ሕሙማንን አይተው ሲጨርሱ ምንይሉን ወደ ውጭ ጠራችው። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ቆሙ፤ እሱ ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ ነው።

«ቅሬታ ላስገባ ነው።»

«በእኔ ላይ?»

«በውሳኔው ላይ።»

«ውሳኔው እኮ እኔ ነኝ» አለ እየሳቀ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

«ሄደህ ነበር ምንይሉ። ዓመቱን ሙሉ ብቻዬን ነበርኩ። ያን ዓመት አንተም እንደሠራህ ተደርጎ ከእኔ መቅደምህ ልክ አልመሰለኝም።»

«የሄድኩበት ዓመት አልተቆጠረልኝም። የተቆጠረልኝ የሠራሁት ነው። አንቺ ሳትመጪ ብቻዬን የሠራሁትስ? እሱ ሥራ አይደለም?»

«ነው» አለች። «ለዚህ ነው የማያውቀን ሰው ይወስን የምለው።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔ ብሄድ አንቺ በሚቀጥለው ዓመት ትሄጃለሽ። ዓመት መጠበቅ ይህን ያህል ከበደሽ?»

«አንተስ?»

ምንይሉ የልብ ማዳመጫውን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተው። «መብትሽ ነው» ብሎ ገባ።

የዞኑ መልስ ሳይዘገይ መጣ። መልሱም እሷ ከጠበቀችው በላይ ሄደ። ሠራተኛ በፈቃዱ ለቆ ሲወጣ አገልግሎቱ እዚያው ላይ ያበቃል፤ ሲመለስ አዲስ ተቀጣሪ ነው፤ ስለዚህ የዶክተር ምንይሉ ሁለት ዓመት ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ ነው የሚታሰበው ይላል። እሷ የፈለገችው ተራ ነበር፤ ደብዳቤው ግን ምንይሉን ጭራሽ ማመልከት የማይችል አደረገው። ቀጣዩም ዓመት ገና አይሞላለትም። ሰርካለም ደብዳቤውን አንብባ ለአቶ ይሥሐቅ መልሳ ሰጠችና ወደ ተመላላሽ ክፍል ሄደች። የዚያን ቀን ወረፋው ረጅም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ምንይሉ ስለ ሕሙማን ካልሆነ አላነጋገራትም። ሥራ አላበላሸም፤ ተረኛነቱን አልዘለለም፤ ስትጠይቀው የሚያውቀውን ይነግራታል። ምሳ ግን አብረው ይበሉባት ከነበረችው፣ በር ላይ ካለችው ምግብ ቤት መብላት ተወ። ነርሶቹ በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ «እሱ ነው ያስተማራት» ይላሉ፤ ግማሾቹ «እሱ ጥሎ ሲሄድ እሷ ነበረች» ይላሉ። ሁለቱንም ሰምታለች። በልቧ ግን ጸጸት ነበረባት፤ ጸጸቱም ቅሬታዋን መልሼ ልውሰድ የሚያሰኝ አልነበረም። ለራሷም ይህ ነገር ግራ ይገባት ነበር።

ፈተናውን አልፋ የፈለገችውን የማህፀንና ጽንስ ትምህርት አገኘች፤ አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ማስተማሪያ ሆስፒታል ገባች። በሽኝቷ ዕለት ሠራተኞቹ ዳቦ ቆርሰው መረቋት። ምንይሉ ያን ቀን ተረኛ ስለነበር ለአፍታ ብቻ መጥቶ እጇን ጨብጦ «በርቺ» ብሎ ወጣ።

እየሠሩ የሚማሩበት የሬዚደንትነት ኑሮ ከመንዙ ይብስ ነበር። እንቅልፍ የለም፤ ከበላይ ያለው ይቆጣል፤ ከአንዱ ቀዶ ጥገና ወጥቶ ወደ ሌላው መግባት ነው። ያም ሆኖ የመንዙ ዓመት ጠቀማት። ብቻዋን መወሰን ለምዳለች። አንድ መምህሯ ከየት እንደመጣች ጠይቀዋት ስትነግራቸው «ለዚህ ነው የማትደነግጪው» ብለዋታል።

ስለ ምንይሉ የምትሰማው ከነርሶቹ በስልክ ነው። የምንይሉ ሁለት ዓመት ሲሞላ በእሷ ቦታ የመጣው ምስክር የሚባል ወጣት ሐኪም ሥራውን ለቀቀ፤ ሆስፒታሉም ብቸኛ ሐኪሙን አልለቅም አለ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ሁሉም ነገር ቆመ። ይህን ስትሰማ ልትደውልለት ስልኳን አንስታ መልሳ አስቀመጠች።

በመጨረሻ ደብዳቤውን አገኘ፤ ፈተናውንም አለፈ። ሰርካለም የመጨረሻ ዓመቷን ስትጀምር ምንይሉ እዚያው ማስተማሪያ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት ሆኖ መጣ። ከእሷ ቀድሞ የጀመረውን ሰው አሁን በትምህርቱ ሦስት ዓመት ቀድማው ነበር። በረንዳ ላይ ሲተላለፉ ሰላም ይባባላሉ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእርግዝና ክትትል ክፍል ውስጥ ሳለች ምንይሉ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። ከኋላው አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት አለች።

«ባለቤቴ ናት፣ ማዕረግ» አለ። «ደም ግፊቷ ትንሽ ከፍ ብሏል። አንቺ እንድታያት ፈልጌ ነው።»

«ዛሬ የክፍሉ ስፔሻሊስት እኮ አሉ። እሳቸው ቢያዩዋት አይሻልም?»

«አውቃለሁ። አንቺ እያት።»

ይህን ብሎ ወደ ዋርዱ ተመለሰ። ሰርካለም ማዕረግን አስተኝታ ግፊቷን ለካች፣ የልጁን የልብ ምት ሰማች። ማዕረግ የዘመሮ ልጅ ናት፤ አስተማሪ ነበረች።

«ስላንቺ ነግሮኛል» አለቻት ማዕረግ።

«ምን ብሎ?»

«ጥሩውንም ክፉውንም።»

ሰርካለም መሣሪያውን ከሆዷ ላይ አነሣች። «ክፉው ምንድነው?»

«ተራዬን ወሰደችብኝ ይላል። ከዚያ ደግሞ እኔም ብሆን እሷ ያደረገችውን አደርግ ነበር ይላል። የትኛውን እንደሚያምን አላውቅም። ቀኑን ተከትሎ ይለዋወጣል።»

«እኔም እንደዚያው ነኝ» አለች ሰርካለም። የግፊት መድኃኒት አዘዘችላትና በሳምንቱ እንድትመለስ ነገረቻት።

ማዕረግ እስክትወልድ ክትትሏ ሰርካለም ዘንድ ነበር። ግፊቱ ስላልወረደ ጊዜው ትንሽ ሲቀረው በቀዶ ጥገና ወለደች፤ ሴት ልጅ፣ ደህና። ያዋለደቻት ሰርካለም ናት። ምንይሉ ልጁን ታቅፎ እንደቆመ ስለ ማዕረግ የደም ግፊት ጠየቃት፣ ስለ መድኃኒቱ መጠን ተነጋገሩ። ስለ ዞኑ ደብዳቤ አልተነሣም፤ ከዚያ በኋላም ተነሥቶ አያውቅም። ከክርስትናው ቀን ግን አልቀረችም፤ ጠርተዋት ሄደች።

ሰርካለም ትምህርቷን ጨርሳ በገባችው ውል መሠረት ተመልሳ ዞኑ በመደባት በመሐል ሜዳ ሆስፒታል ትሠራለች። በሳምንት ሁለት ቀን የቀዶ ጥገና ቀን አላት። ከሞላሌም ከዘመሮም ከቀየትም ሴቶች ይመጣሉ፤ አሁንም ዘግይተው ነው የሚመጡት፣ አሁንም ለልጆቻቸው ሳይናገሩ። ምንይሉ ገና ዓመት ይቀረዋል። ሲጨርስ ወዴት እንደሚመደብ አልታወቀም፤ እሱ ዓለም ከተማን ይመርጣል፣ ይሞቃል ብሎ። አንዳንድ ጊዜ ይደውልላታል። የሚጠይቃት ስለ አንድ ታማሚ ነው፤ ስትመልስለት አመስግኖ ይዘጋል።