ወፎቹ ዝም የሚሉበት ሰዓት

ያን ጠዋት ኩልፎ ወንዝ ዳር የነበርነው አራት ሰዎች ነን። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላው አብሮኝ የሚሮጠው ጓደኛዬ ዘለቀ ነው። ሦስተኛው ወንዙ ዳር የሙዝ ማሳ ያላቸው ጋሽ ኦይታ ናቸው። አራተኛዋ አየለች ናት፤ ከማሳው ሙዝ በአህያ ጋሪ ጭና ሲቀላ ገበያ የምታደርስ ሴት። አህያዋም ነበረች። እሷን የጠቀስኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ፣ አርባ ምንጭ ላይ ዝናቡ በበረታበት ሰሞን ነው። እስከዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው የዚያን ቀን ስለደነገጥኩ ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት የነበሩት ጠዋቶች ሁሉ ተለውጠውብኛል። ያን ጊዜ ምንም ያልመሰሉኝን ጠዋቶች አሁን ሳስባቸው እፈራለሁ።

እኔ የአምስት ሺህ ሜትር ሯጭ ነኝ። አሠልጣኝ ኖሮኝ አያውቅም። የማውቀውን ያወቅኩት ስልክ ላይ ቪዲዮ እያየሁና በራሴ ሰውነት ላይ እየሞከርኩ ነው። በዚያ ሰሞን አንድ ክለብ ሯጮችን ሊመለምል ስለነበር ለእሱ እዘጋጅ ነበር። እሱ ካለፈኝ ሩጫውን ትቼ የአጎቴ ሱቅ ውስጥ እንድሠራ ቤተሰቦቼ ቁርጥ አድርገው ነግረውኛል።

ችግሬ ቀኝ ዳሌዬ ነበር። ጭን ከሆድ ጋር የሚገናኝበት እጥፋት ላይ ጅማቱ ይይዘኛል። ከታችኛው ከተማ ከሲቀላ ወደ ላይኛው ሴቻ የሚወስደውን ዳገት ስወጣ ምንም አይለኝም። ስወርድ ግን ይወጠርና እርምጃዬን ያሳጥረዋል። ቀጥሎ ከጭኔ ኋላ፣ ከጉልበቴ ከፍ ብሎ ያለው ጅማት ይቆጣል። በማግስቱ ጫማዬን ለማሰር ስጎነበስ እንደ ሽማግሌ ግድግዳ እይዛለሁ።

መጀመሪያ ላይ ከአልጋ እንደወረድኩ፣ ሰውነቴ ሳይሞቅ፣ እግሬን መስኮቱ ላይ ሰቅዬ በኃይል እስበው ነበር። ባሰብኝ። ሆስፒታል ስሄድ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አየችኝ። ዳሌዬን ወዲህ ወዲያ አድርጋ ካየች በኋላ፣ "ከጅማትህ ጋር አትጣላ" አለችኝ። "መጀመሪያ አሙቀው። ቀስ ብለህ ዘርጋው። ከዚያ አጠንክረው። የሚይዝህ እኮ ስለደከመ ነው።"

ያለችኝን ሳላጓድል መሥራት ጀመርኩ። ከረዥም ሩጫ በኋላ ሕመሙን የሚያበርድልኝ ግን ቀዝቃዛ ውሃ ነበር። ስለዚህ በየጠዋቱ ሩጫዬን የምጨርሰው ጋሽ ኦይታ ማሳ ታች፣ ኩልፎ ውስጥ እስከ ዳሌዬ ገብቼ በመቆም ነበር።

የራሴ ቦታ ነበረኝ። ዳርቻው ዝቅ ይላል። አንድ የሾላ ሥር ከአፈሩ ወጥቶ ወደ ውሃው ይዘረጋል። በግራ እጄ ሥሩን ይዤ፣ ፊቴን ወደ ማዶ አዙሬ እቆማለሁ። ከእግሬ ሥር ያለው ንጹሕ አሸዋ ነው፤ ድንጋይ የሚባል የለውም። ይህንን በእግሬ ዳብሼ አረጋግጫለሁ። ሁልጊዜ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ ያው እግሬ ቀድሞ ይገባል። ሥርዓት ያለው ሰው ሰውነቱም ሥርዓት ይይዝለታል ብዬ አምን ነበር።

ከማዶ ሸምበቆ አለ። ሸምበቆው ላይ ጎጆ የሚሠሩ ቢጫ ወፎች ሰፍረውበታል። ጫጫታቸው ገበያ ነው። እግሬን ውሃው ውስጥ ሳስገባ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላሉ። ከውሃው ወጥቼ ትንሽ ከራቅኩ በኋላ እንደገና ይጀምራሉ። ይህንን ለዘለቀ ነግሬው ነበር።

"ደንግጠው ነው" አለኝ። "እንዲህ የከሳ ሰው ከየት ያውቃሉ?"

እኔም የሚፈሩት እኔን ነው ብዬ ተውኩት።

ሌላም ያስተዋልኩት ነገር ነበር። ጋሽ ኦይታ ከወንዙ ውሃ ሲቀዱ ሁለት ቀን አንድ ቦታ ላይ አይቆሙም። ዛሬ ከሾላው በላይ ከሆነ ነገ ከቦዩ አፍ ነው፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ቁልቁል ወርደው፣ እሾህ እየጠለፋቸው። አየለችም እጇን ስትታጠብ እንደዚያው ታደርጋለች። አንድ ጠዋት ጋሽ ኦይታን ጠየቅኳቸው።

"ጋሽ ኦይታ፣ ይኼኛው እኮ ይመቻል። ለምን እዚያ ሄደው ይቸገራሉ?"

"ወንዙ እንዳይለምደኝ ነው" አሉኝ። "አንተም ቀያይር እንጂ፣ ልጄ።"

እሺ አልኳቸው፤ ግን አልቀየርኩም። ዳርቻው እንዳይናድ የሚያደርጉት ጥንቃቄ መሰለኝ። አዞ አለመፍራቴ ደፋር ሆኜ አይደለም። አዞ ያለው ታች፣ ወንዙ ጫሞ ሐይቅ ሊገባ ሲል ነው ብለን ነው ያደግነው። በእኛ በኩል አይቻለሁ የሚል ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም ነበር።

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት የፍጥነት ልምምድ ሠርቼ ዳሌዬ አልተመቸኝም ነበር። ምልመላው ስለቀረበ ግን ማረፍ አልፈለግኩም። ከዘለቀ ጋር ወደ ሴቻ ወጥተን ተመለስን። ወንዙ ዳር ስንደርስ ጅማቱ ያዘኝ። እንደሌላው ጊዜ አይደለም። ከዳሌዬ እስከ ጉልበቴ አንድ ሆኖ ደረቀ።

ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ውሃው ሞልቶ ቀይ ቡናማ ሆኗል። እንደ ልማዴ ልገባ አልቻልኩም። ከቦታዬ ከፍ ብሎ፣ የሙዝ ቅጠል ላይ ቀኝ ጉልበቴን አስደግፌ፣ ግራ እግሬን ወደ ፊት አውጥቼ ተንበረከክሁ። ባለሙያዋ ያሳየችኝ አቋቋም ነው። ፊቴ ወደ ወንዙ ነው። በዚያው ቀረሁ። መነሣት አልቻልኩም፤ ትንሽ በተነቃነቅኩ ቁጥር ጅማቱ ወደ መሬት ይጎትተኛል።

"ጸሎት ጀመርክ?" አለኝ ዘለቀ።

"ያዘኝ። ውሃው ጋ ብደርስ ይለቀኝ ነበር።"

"ቁጭ በል። ውሃውን እኔ አመጣልሃለሁ።" ከዚያ ወደ ላይ ተጣራ። "ጋሽ ኦይታ፣ ጀሪካን ያውሱኝ። ይኼ ልጅ እንደ በር ዝጓል።"

ጋሽ ኦይታ ቦይ ላይ ነበሩ። "ውሰድ" አሉት። "መልሰህ አምጣልኝ ብቻ።" አየለች ከእሳቸው አጠገብ ጋሪዋ ላይ ሙዝ ትጭን ነበር፤ ስትስቅ ሰማኋት።

በዚህ መሀል ወፎቹ ዝም አሉ።

ይህንን በደንብ ማስረዳት እፈልጋለሁ። ዘለቀ ጀሪካኑን ሊቀበል ወጥቶ ገና ላይ ነው። ጋሽ ኦይታና አየለችም ላይ ናቸው። እኔ ከዳርቻው ከፍ ብዬ ተንበርክኬያለሁ፤ ከመቆየቴ የተነሣ ወፎቹ ለምደውኝ ሲጮኹ ነበር። ውሃው ውስጥ የገባ ሰው የለም። ግን እኔ ዘወትር የምገባበት ሰዓት ደርሶ ነበር።

ጸጥታው ያው ነበር። ልክ እግሬን ሳስገባ እንደማውቀው።

ውሃውን አየሁት። ምንም የለበትም። ከላይ አንድ የተቀደደ የሙዝ ቅጠል ከጎርፉ ጋር ፈጥኖ መጣ። ሾላው ሥር፣ እኔ የምቆምበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ውሃው በግራና በቀኙ እያለፈ እሱ እዚያው ቆመ። ድንጋይ ላይ የተያዘ ይመስላል። እዚያ ግን ድንጋይ የለም። ከእኔ በላይ ያንን የሚያውቅ ሰው የለም።

ቅጠሉ ቀስ ብሎ ወደ ዳርቻው መጠጋት ጀመረ። የውሃው ፍሰት ወደዚያ አይወስድም።

ዘለቀ ጀሪካኑን በገመዱ እያወዛወዘ በአጠገቤ አልፎ ቁልቁል ወረደ።

"ከዚያ አትቅዳ" አልኩት። ድምፄ ቀጭን ሆነብኝ። ድሮም መጮኽ አልችልም።

"ለምን? በስምህ ካርታ ወጥቶለታል?" አለኝ፤ አልቆመም።

"ዘለቀ፣ ወደ ላይ ሂድና ከዚያ ቅዳ።"

"እሺ ጌታዬ። ሰውዬው በቦታው ይቀናል" ብሎ የሾላውን ሥር በግራ እጁ ያዘ። እኔ በምይዝበት በኩል። ጀሪካኑን አንጠልጥሎ አጎነበሰ።

መነሣት ስላልቻልኩ በደረቴ ወደቅኩ። ጭቃው አንሸራተተኝ። ጅማቱ ሲሰነጥቀኝ ተሰማኝ፤ የተበጠሰ መሰለኝ። ቁርጭምጭሚቱን በሁለት እጄ ይዤ ወደ እኔ ሳብኩት። በቂጡ ወደቀ፤ ጀሪካኑ ከእጁ አምልጦ ውሃው ላይ አረፈ።

ባዶ ጀሪካን ነው። ክዳኑ ገና ስላልተከፈተ መንሳፈፍ ነበረበት። ቢጫው ጀሪካን ዓይናችን እያየ ወደ ታች ገባ። አልተንቦጫረቀም። ድምፅ አልነበረም። አንድ ሰው ከሥር ሆኖ በቀስታ የተቀበለው ይመስል ነበር። ገመዱ ትንሽ ቆይቶ ተከተለው።

ዘለቀ ሊሰድበኝ አፉን ከፍቶ ነበር። ከዚያ ሁለታችንም በጀርባችን እየተሳብን ወደ ላይ ሸሸን። እግሬ ያኔ እንዴት እንደታዘዘልኝ አላውቅም።

ጀሪካኑ ቆይቶ ከታች፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ላይ ብቅ አለ። ተጨራምቷል። ወዲያው ወፎቹ ጫጫታቸውን ቀጠሉ።

ጋሽ ኦይታ ረዥም የሙዝ ድጋፍ እንጨት ይዘው መጡ። አልጮኹም። ከፍ ካለው ቦታ ላይ ቆመው ማዶውን ተመለከቱና በእንጨቱ አሳዩን። ከሸምበቆው ሥር ባለው ጭቃ ላይ ሰፋፊ የአዞ ሆድ ዱካዎች ነበሩ። የቆዩት ጠርዛቸው በዝናብ ተሸርሽሯል፤ እነሱ በወንዙ ታችኛው በኩል ናቸው። ሌሎቹ ከእነሱ ከፍ ብለዋል። አዲሱ፣ ገና ውሃ የቋጠረው፣ ከሾላው ሥር ትይዩ ነው። ለቀናት ጥቂት በጥቂት ወደ እኔ ሲቀርብ ከርሟል ማለት ነው። እኔ በነዚያ ቀናት ሁሉ ፊቴን ወደ እሱ አዙሬ፣ የጭኔን እጥፋት እያሸሁ፣ ትንፋሼን እየቆጠርኩ ቆሜ ነበር።

"ለምዶሃል" አሉኝ ጋሽ ኦይታ።

ዘለቀ፣ "ጋሽ ኦይታ፣ ጀሪካኑን መልሰህ አምጣ ብለውኝ ነበር" አላቸው።

"ይቅር። እሱ ይጠጣበት" አሉት። ከኋላቸው ተከትላ የመጣችው አየለች ሳቀችና ወዲያው ማልቀስ ጀመረች።

ጅማቴ አልተበጠሰም ነበር፤ ግን ለሳምንታት አረፍኩ። ውሃው ቀርቶብኝ ባለሙያዋ እንዳለችው በትዕግሥት አጠነከርኩት። በአንድ እግር መነሣት፣ ተንጋልሎ ዳሌ ማንሣት፣ ዳገት በእርምጃ መውጣት። ምልመላው ላይ ሮጥኩ። ቁልቁለት ስወርድ ይይዘኝ የነበረው ሕመም አልመጣም። ክለቡ ተቀበለኝ። ዛሬም ሩጫ ላይ ነኝ። ጓደኞቼ አንድ ነገር ላይ ይስቁብኛል፤ ስታዲየም ውስጥም ቢሆን ሁለት ቀን አንድ ቦታ ላይ ተቀምጬ ሰውነቴን አላፍታታም።

ዳሌዬን ድሮ እንደ ጠላት ነበር የማየው። አሁን ሲይዘኝ አልቆጣም። ቆም እላለሁ፤ ዙሪያዬን አዳምጣለሁ። ያን ጠዋት ባይዘኝ ኖሮ ሰዓቴን ጠብቄ እገባ ነበር።

የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ወፎቹን ዝም የማሰኘው እኔ ነኝ እያልኩ ኖሬያለሁ። ምናልባት በየቀኑ ዝም የሚሉት እኔ ከመግባቴ በፊት ይሆን? ቀድሞኝ እየመጣ ይጠብቀኝ ነበር? በዚህ ላይ ሦስታችን አንስማማም። ዘለቀ ወፎቹ ያን ቀን ከመጮኽ አላቋረጡም ይላል። አየለች በበኩሏ ወፍ አላስተዋልኩም፤ አህያዬ ግን ጆሮዋን አቁማ አልንቀሳቀስም ብላኝ ነበር ብላኛለች። ስለዚህ ይህንን ካነበባችሁት አስተካክሉኝ። ዘለቀ፣ ጀሪካኑን ከጋሽ ኦይታ ስትቀበል ምን ድምፅ ይሰማህ ነበር? አየለች፣ አህያዋ የቆመችው ዘለቀ ከመውረዱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በሌሎቹ ቀናትስ በዚያ ሰዓት ትቆም ነበር?

ጋሽ ኦይታ፣ እኔ ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ቦታ አልሄድኩም። እርስዎ ግን በየጠዋቱ እዚያ ነዎት። እባክዎ ይንገሩኝ፤ ወፎቹ አሁንም በእኔ ሰዓት ዝም ይላሉ?